የአራስ ቀበሮ

እልልታ ስሰማ ዛሬም ቀድሜ የማየው በር ነው። ሰርግ ቤት ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ መወርወሪያው ገብቷል አልገባም እያልኩ አንገቴን አዞራለሁ። የጎባ ሰው ይህን ጠባዬን ኩራት ይለዋል። «ደስታ የማይጥማት ሴትዮ» ይሉኛል፤ ይበሉ። ከደስታ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ደስታን ሰምቶ ከሚመጣው ጋር ነው። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ፊደል አስቆጥረውኛል፤ እንግዲህ ዓይኔ ሳይደክም ልጻፈው።

ወደ ባሌ የመጣሁት አዲስ ሙሽራ ሆኜ፣ ከባለቤቴና ከእናቱ ጋር በበቅሎ ነው። ባለቤቴ ነፍጠኛ ነበር። ጦሩ አገሩን ከያዘ ብዙ አልቆየም፤ ጎባም ያኔ ከተማ ለመባል አትበቃም ነበር። በኮረብታው ላይ የሹሙ ግቢ፣ ከሥሩ የወታደሩ ጎጆ፣ በዙሪያው የእንጨት አጥር፣ አንዲት የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን፣ በቃ። ሮቤማ ሜዳና ገበያ ብቻ ነበረች። አገሩ ባዶ ነበር የሚላችሁ ቢኖር አትመኑት፤ ሰው ነበረበት። ለባለቤቴም ከመሬቱ ጋር ገባር ተሰጠው። የገባሩ ሚስት እንጨትና ውኃ ታመጣልን ነበር፤ በዕድሜ እናቴን ታህላለች። የአገሩ ልጆች «አዮ» ይሏታል፣ እናት ማለት ነው። እኔ ግን «አንቺ ሴትዮ» እያልኩ ነበር የምጠራት። ነፍጥ ያለው ሰው ሚስት ስትሆኚ አፍሽም ነፍጥ ይሆናል።

ከሸዋ ሲመጣ ሰዉ ሁሉ ውሻውን አስከትሎ ነው የመጣው። እኛም አንዲት ነጭ ውሻ ነበረችን፤ ከመንዝ ጀምራ ከበቅሎዬ ኋላ ሳትለይ የመጣች። ስትተኛ የፊት እግሮቿን አንዱን በአንዱ ላይ አጣምራ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ነው። አማቴ «ይቺ ዳኛ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሳት ዳር መተኛት ትወዳለች፤ ድምፃችንን ታውቃለች፤ ተኚ ስትባል ትተኛለች፣ ውጪ ስትባል ትወጣለች።

በበጋ ከብቱ ወደ ሳነቴ ሲነዳ ውሾቹም አብረው ይወጣሉ። ሳነቴ ከጎባ በላይ ያለው ሰፊ ሜዳ ነው። ዛፍ የለውም፤ ጅብራ ብቻ እዚህም እዚያም ቆሟል፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ እግር ያቃጥላል። እዚያ ቀይ ቀበሮ አለ፣ እግረ ረጅም፣ አፈ ቀጭን፣ ጉሮሮው ነጭ፣ ፍልፈል እያደነ የሚኖር። የአገሩ ሰው ጄዳላ ፈርዳ ይለዋል፤ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ባዝራ ልትወልድ ስትል ይከተላታል። ርቆ ይቀመጥና እንግዴ ልጇ እስኪወድቅ ይጠብቃል፤ ሲወድቅ አንሥቶ ይሄዳል። ውርንጭላውን ግን አይነካም። የአገሩ ሰውም ስለዚህ አይጠላውም፣ አያባርረውም።

ውሻችን አንድ በጋ ከከብቱ ጋር ወጥታ ዝናቡ ሲጀምር ተመለሰች። አርግዛ ነበር። የወለደቻቸው ቡችሎች ሲያዩዋቸው ያምራሉ፤ ቀይ ናቸው፣ ጉሮሯቸው ነጣ ያለ፣ ጆሯቸው የቆመ፣ ጫፉ ግን እንደ ውሻ ጎንበስ ያለ። ያልወደድኩት አንድ ነገር ነበር፤ አይጮኹም። ሰው ሲመጣ ተነሥተው ፊት ፊቱን ያያሉ እንጂ ድምፅ የላቸውም። አማቴ «ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ እነዚህ ምን ሊበሉ ነው የመጡት?» አሉ። ሳቅንባቸው። የሌሎቹም ወታደሮች ውሾች እንዲሁ ቀያይ መውለድ ጀመሩ።

ቡችሎቹ ሲጎረምሱ በራሳቸው ወደ ሳነቴ ወጡ፣ በራሳቸው ወረዱ። ከቀበሮ ጋር አልሆኑ፣ ከውሻ ጋር አልሆኑ፤ እርስ በርሳቸው ተጋብተው ለራሳቸው ዘር ሆኑ። ነጯ ውሻችንም አንድ ቀን ተከትላቸው ወጣችና ቀረች። ጠባያቸውን ቀስ በቀስ ነው የተማርነው። ቀን ቀን እንደ ቀበሮ ለየብቻ ፍልፈል ያድናሉ። የሚወልዱት በድንጋይ ሥር ሳይሆን ሰው ትቶት በሄደ ጎጆ ውስጥ ነው፤ በዚያ ዘመን ሰው ትቶት የሄደ ጎጆ አላነሰም። ያገኙትን ምግብ ፊት ለፊት አይበሉም፤ አንሥተው ርቀው ሄደው ይቀብሩታል። አደኑና መቅበሩ የአባታቸው ነው። የእናታቸው ወገን ደግሞ ሌላ ነበር፤ ከሰው አይሸሹም፣ የአጥር በር በየት በኩል እንደሚከፈት ያውቃሉ፣ እሳትም አይፈሩም። ጅብ ቢመጣ እንጨት ለኩሰሽ ታባርሪዋለሽ። እነዚህ ግን እሳት ሲያዩ ሊሞቁ ነው የሚጠጉት። 

ከሁሉ የከፋውን ግን ያስተማርናቸው እኛ ነን፣ ሳናውቅ። ሴት ስትወልድ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት እልል እንላለን። እነሱ ደግሞ ከአባታቸው የወለደች እንስሳ መከተልን፣ ከእናታቸው የሰውን ድምፅ መለየትን ወርሰዋል። ሁለቱን አገናኙት። እልልታ በተሰማ ቁጥር በዚያ ቤት ደምና እንግዴ ልጅ እንዳለ ገባቸው። አንዲት ሴት ወልዳ እልል ከተባለ ብዙ ሳይቆይ አንድ ቀይ እንስሳ ከደጃፉ ቁጭ ይላል። መጀመሪያ ላይ የጎረቤት ውሻ እየመሰለን እንጀራ እንጥልለት ነበር። እንጀራውን አያነሣም። ስሙንም ያወጡለት ያን ጊዜ ነው፤ የአራስ ቀበሮ።

ጎረቤቴ በሰፈሩ ካሉት ሴቶች ሁሉ ሳቂታዋ ነበረች። ወንድ ልጅ ወለደች፣ ሰባት እልል ተባለ፤ እኔም እዚያው ሆኜ ጉሮሮዬ እስኪነቃ እልል አልኩ። እሷ ደክሟት እንቅልፍ ወሰዳት። ሕፃኑን በቁርበት ላይ አስተኝተን፣ ገንፎውን ለማውረድ ሴቶቹ ሁላችን ወደ ማድቤቱ ወጣን። ከደጃፉ አንድ ቀይ ውሻ ተኝቶ ነበር፤ ተራምደነው አለፍን። ስንመለስ ውሻው የለም፣ ቁርበቱም ባዶ ነው። ወታደሩ ከሳነቴ ሥር እስካለው የአስታ ጫካ ድረስ ፈለገ። ምንም አላገኙም፣ መጠቅለያውን እንኳ።

ያ ሳቅ ከዚያ በኋላ አልተሰማም። ከዚያ ወዲያ ሁሉም የሚያወራው ጥፋቱ የማን እንደሆነ ነው። የኛ ሰው «ውሻ ሰው አይበላም፤ ያደረገው የቀበሮው ደም ነው» አለ። የአገሩ ሰው ደግሞ «ጄዳላ ሰው ነክቶ አያውቅም፤ ያደረገው እናንተ ያመጣችሁት ውሻ ነው» አለ። እኛ ግማሹን እናውቅ ነበር፣ እነሱ ግማሹን። ቁጭ ብሎ ሁለቱን የሚያገናኝ አልነበረም፤ እኛና እነሱ ስንገናኝ የምንነጋገረው ስለ እንጨትና ስለ እህል ብቻ ነበር። ሹሙ በሰፈሩ ያለ ውሻ ሁሉ ይገደል ብለው አሳወጁ። ውሾቹ ተገደሉ፣ ቀበሮዎቹ ግን አጥሩን እየዞሩ ቀሩ፤ እንዲያውም የሚጮኽባቸው ስለጠፋ ደስ ብሏቸው ይሆናል። ሴቶቹ ደግሞ በማርያም ስም ተማማልን፤ ከእንግዲህ በምጥ ቤት እልል የሚል የለም።

እኔ ያረገዝኩት በዚህ መሀል ነው። ሌላ ሴት ስታረግዝ ሆዷን ትደብቃለች፤ ዓይን ፈርታ። እኔ ጆሮ ፈርቼ ድምፄን ደበቅኩ። በመንገድ ላይ «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚለኝን ሰው ሁሉ ቀስ በል እለው ነበር። እንስሳቱ ያውቁ እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ ሆዴ እየገፋ ሲሄድ፣ ውኃ ለመቅዳት ወደ ቶጎና ወንዝ ስወርድ አንዷ ሁልጊዜ ከማዶ ትታየኛለች። ስቆም ትቆማለች፤ ስሄድ ትሄዳለች። ለባለቤቴ ነገርኩት። ጠመንጃውን ይዞ ወረደ፤ ጠመንጃ ስታይ እንደ ቀበሮ ጠፋች። በማግስቱ እኔ ብቻዬን ስወርድ እዚያው ነበረች። ከዚያ ወዲያ ወንዝ መውረድ ተውኩና አዮ ብቻ ትቀዳ ጀመር።

ምጡ የያዘኝ ከጥምቀት ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ ነው። አማቴ አፌን በነጠላ ጫፍ አሰሩት። «ጩኸትሽንም ቢሆን አናምነውም» አሉ። ጥርሴን ነክሼ ሴት ልጅ ወለድኩ። ሴቶቹ ተያዩ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያሉኝም በጆሮዬ ነው። ልጄ ስትወለድ ሰው የሞተ ይመስል ነበር ቤቱ። አለቀስኩ፤ እሱንም በዝግታ።

አማቴ እንግዴ ልጁን በውጭ አላስቀበሩም። ከመደቡ ሥር፣ ከቤቱ ምሰሶ አጠገብ አዮን ጥልቅ አስቆፈሯት፤ አፈሩን ራሳቸው ረገጡት፣ ወፍጮ ድንጋይ ጫኑበት። በአገራቸው ይባል የነበረ ነገር ነበራቸው። እንግዴ ልጇን አውሬ የበላባት ሴት ማኅፀኗ ይዘጋል፣ ሁለተኛ አትወልድም። «ገና ሰባት ትወልጅልኛለሽ፤ ይቺ በር ከፋች ናት» አሉኝ። ቢላዋ ከትራሴ ሥር አደረጉ፣ ለአራስ ብረት እንደሚደረገው። ብቻዬን እንደማይተዉኝም ማሉልኝ።

አሁን የሰራነውን ሞኝነት ልንገራችሁ። በምጥ ቤት ዝም ለማለት ተማማልን እንጂ፣ እልልታ ሌላ ቦታም እንዳለ ማንም አላሰበም። ታቦት ወንዝ ወርዶ ሲመለስ ዝም የሚል ክርስቲያን የት ይገኛል? ከዚያ በፊት በነበሩት በዓላት በሰፈሩ አራስ አልነበረም። ቀበሮዎቹ መጥተው፣ በየደጃፉ አሽትተው፣ ባዶ አፋቸውን ተመልሰው ይሆናል፤ ሰዉ ሁሉ ታቦቱን ሲከተል ማን ያያቸዋል?

የጥምቀት ዕለት ረፋዱ ላይ ሰፈሩ ባዶ ሆነ። ባለቤቴ ጠመንጃውን ወልውሎ ታቦቱን ሊያጅብ ወረደ። አማቴ ከአጠገቤ ቁጭ ብለው ይቁነጠነጡ ነበር። ሁለት ጊዜ ተነሥተው ሁለት ጊዜ ተቀመጡ። በመጨረሻ «እስከ አጥሩ በር ብቻ፤ ታቦቱ ሲያልፍ ተሳልሜ መጣሁ። ይቺ አለችልሽ አይደል?» አሉና አዮን በአገጫቸው አሳይተው ወጡ። አዮ እስላም ናት፤ በዚያ ቀን በሰፈሩ ውስጥ የቀረነው እሷ፣ እኔና ልጄ ሳንሆን አንቀርም።

እሷ እሳቱን ትቆሰቁስ ነበር። ልጄ ጡቴን ይዛ ተኝታለች። ያን ጊዜ ከወንዙ በኩል እልልታው ተነሣ። የአንድ ሴት አይደለም፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ነው፣ ያን ሁሉ ወር የታፈነ እልልታ በአንድ ጊዜ ሲወጣ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ለልጄ የተባለላት መሰለኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዚያ ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ።

«በሩን!» አልኳት። «አንቺ ሴትዮ፣ በሩን!»

አዮ ዞር ስትል እንስሳዋ ደፉ ላይ ነበረች። ስትመጣ ኮቴ አልተሰማም። ቀይ፣ ጉሮሮዋ ነጭ፣ ወንዝ ማዶ ትከተለኝ የነበረችው ትሁን ሌላ አላውቅም። ከኋላዋ፣ ከግቢው ውስጥ፣ ሌሎችም ቆመዋል። እንደ ቤት ልጅ ገባች። እሳቱን ዞረችና ከአዮ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው፣ እኔ ላይም አይደለም፣ ብብቴ ሥር ባለው መጠቅለያ ላይ ነው።

«ሂንሶዳቲን» አለች አዮ፤ አትፍሪ ማለቷ ነው። «ጄዳሊ ነመ ሂንቱቁ። ሰው አይነካም። አትያት፣ ትሄዳለች።» እጇ ግን እሳቱ ውስጥ ያለውን እንጨት ይዟል።

«የጎረቤቴን ልጅ ረሳሽው?» አልኳት።

እኔ ደግሞ የማውቀውን ሞከርኩ። ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎዬን በእግሬ ገፍቼ ሰጠኋት፤ ውሻ ቢሆን ቅቤ አይቶ አያልፍም። አሸተተችውና ተወችው። አዮ የሚነድ እንጨት አንሥታ ወረወረችባት። ፈንጠር አለች እንጂ አልሸሸችም፤ እንጨቱ ወደ ወደቀበት ቀርባ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥታ መደቡን ማሽተት ጀመረች። ትንፋሿ ጉልበቴን ነካኝ። ቢላዋውን ከትራሱ ሥር ሳወጣ እጄ አልታዘዘኝም። ፍርሃት ሰውን ደፋር ያደርጋል የሚሉ ፈርተው የማያውቁ ናቸው፤ እኔን ያደረገኝ ድንጋይ ነው። የቀረኝ ምላሴ ብቻ ነበር።

«ተኚ!» አልኩ። ለነጯ ውሻችን የምለው ነው፤ በዚያው ድምፅ።

ተኛች። የፊት እግሮቿን አንዱን በአንዱ ላይ አጣመረች፣ አገጯን ቀና አደረገች።

አማቴ «ይቺ ዳኛ» ይሏት የነበረችው ትዝ አለችኝ። ከበቅሎዬ ኋላ ከመንዝ ድረስ የመጣችው ውሻዬ፣ በልጆቿ በኩል ዞራ፣ መደቤ ሥር ተኝታ ልጄን ታያለች። ዝም ስል ትነሣለች። ስናገር ትተኛለች። ስለዚህ ተናገርኩ። ተኚ፣ ተኚ፣ እዚያው ሁኚ አልኩ፤ የምለው ሲያልቅብኝ አባቴ ያስጠኑኝን ዳዊት ጀመርኩ። ስጨርስ ሌላ ጀመርኩ። አፌ ደረቀ። ግቢ ውስጥ ካሉት አንዱ ጭንቅላቱን በበሩ አስገባ።

«ዝም ካልኩ ይነሣሉ» አልኳት አዮን፣ በዳዊቱ መሀል። «የሷ እናት የኔ ውሻ ናት። ድምፅ ትሰማለች፤ ግን አትሄድም።»

አዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «ጄዳላ ባዶ አፉን አይሄድም» አለች በተሰባበረ አማርኛዋ። «የመጣበትን ካልያዘ አይሄድም። ከያዘ ግን አይቆይም። ርቆ ሄዶ ይቀብራል። ሌሎቹ ይከተሉታል።»

ሁለቱ ግማሽ የተገናኘው ያኔ ነው፤ በአንድ ጎጆ ውስጥ፣ በሁለት ሴቶች አፍ። የመጣችበትን ነገር ሁለታችንም እናውቃለን። ወይ መጠቅለያው ውስጥ ያለችው ናት፣ ወይ ከምሰሶው ሥር የተቀበረው። የቀበረችው አዮ ናት፤ አማቴ ያሉትንም ሰምታለች። ስለዚህ እስክናገር ጠበቀችኝ። ሰባት ትወልጃለሽ የተባለው ትዝ አለኝ። ልጄን አየኋት፤ አፏ ላይ ወተት ደርቋል። ቢላዋውን ወደ አዮ ዘረጋሁ።

«ይቆፍሩልኝ፣ እናቴ» አልኳት። «ይስጧት።»

በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሴት አንቱ ያልኩት ያን ቀን ነው። እሳቸውም ወፍጮውን ገፉት፤ ከዚያ በኋላ አንቺ ብያቸው አላውቅም፣ እዚህም አልልም። በቢላዋና በጥፍራቸው ቆፈሩ። እንስሳዋ ጆሮዋን አቆመች እንጂ ተኝታ ጠበቀች፤ እኔ ዳዊቴን ቀጠልኩ፣ ምን እንደምል ሳላውቅ። አዮ ያወጡትን በእንሰት ቅጠል እንደተጠቀለለ በፊቷ አስቀመጡት።

«ውጪ!» አልኩ።

ቀስ ብላ አነሣችው፣ ውሻ ቡችላዋን እንደምታነሣ። እኔን አየችኝ። ከዚያ ደፉን ተሻግራ ወጣች፤ ሌሎቹም ዞረው ተከተሏት። አዮ በሩን ዘግተው ጀርባቸውን ሰጡትና መሬት ላይ ተቀመጡ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። 

ታቦቱ ሲገባ ባለቤቴ ፈለጉን አይቶ እየሮጠ መጣ። ጠመንጃውን ወደ ሜዳው ተኮሰ፣ ደጋግሞ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። አማቴ ገብተው ጉድጓዱን አዩ።

«ማን ቆፈረው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ያስቆፈርኩት።»

«ማኅፀንሽን ለአውሬ ሰጠሽው?»

«ልጄን አልሰጠሁም» አልኩ።

አማቴ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ጉድጓዱ አጠገብ ተቀመጡ። «የፈሩት ይደርሳል» አሉ። ትቻት ሄድኩ አላሉም፤ እኔም ትተውኝ ሄዱ አላልኩም።

ሁለተኛ አልወለድኩም። የተባለው ደርሶብኝ ይሁን፣ ፍርሃቱ ሆዴ ውስጥ ገብቶ ይሁን አላውቅም። ባለቤቴ የሚችለውን ያህል ታገሠ፣ ከዚያ ከጊኒር ሌላ ሴት አግብቶ ከሷ ወለደ። ተናድጄ ነበር፤ አሁንም እናደዳለሁ። አዮ ግን ቤታችን መምጣታቸውን አልተዉም፣ እንጨት ይዘው ሳይሆን ልጄን ሊያዩ። ልጄም ያሳደጓት ያህል ነው። አንድ ቀን ከጓደኞቿ ጋር ተጫውታ ገባችና «እማዬ፣ እኔ ስወለድ እልል ተባለልኝ?» አለችኝ። «ሦስት ጊዜ» አልኳት። ሮጣ ሄዳ ለጓደኞቿ ነገረቻቸው።

የአራስ ቀበሮዎቹን ወታደሩ አሳዶ ገደላቸው ተባለ። እኔ ግን ሰው እንደገና ውሻ ማሳደግ ሲጀምር ቡችላውን ከየት እንዳመጣው ጠይቄ አውቃለሁ። ከተተወ ጎጆ ውስጥ አገኘሁት ይላል አንዱ። ከሳነቴ እረኞች ገዛሁት ይላል ሌላው። የማይጮኽ ውሻ ለጥበቃ ጥሩ ነው፣ ሌባ አያውቀውም ይላሉ። ቀበሮዎቹ አልጠፉም፤ ወደ ቤት ገቡ እንጂ። ይህን ስናገር ልጄ ትስቅብኛለች።

ልጄ አድጋ አንድ የመንግሥት ጸሐፊ አገባች፤ ቤታቸው እዚሁ ጎባ ነው፣ ሰፊ ግቢ፣ ወፍራም የጣውላ በር። ባለፈው በጋ ምጥ ያዛት። እኔም አዮም ነበርን፤ አዮ አርጅተው ዓይናቸው ፈዟል። ሴት ልጅ ወለደች። ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው እኔን ጠበቁ፤ እልልታውን የምትጀምረው አያት ናት። እኔ በሩን አየሁ። መወርወሪያው ገብቷል።

«እማዬ» አለች ልጄ ከአልጋው ላይ፣ ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ። «እልል በይላት እንጂ። እኔን ሦስት አልሽልኝ አይደል?»

ምን ልበላት? አፌን ከፈትኩ። አይወጣም ብዬ ነበር፤ ወጣ። ያን ዕለት በአፌ ላይ የታሰረው፣ ለልጄ ያልተባለው ሁሉ ነው የወጣው። ሦስቱንም አልኩ። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፣ ቤቱ ተናጋ። ልጄ እየሳቀች አለቀሰች፣ እኔም ልጅቱን ታቅፌ አለቀስኩ። ለአንድ አፍታ በሩን ረሳሁት።

ከዚያ የታጠበችበትን ውኃ ልደፋ ወጣሁ። የልጄ ባል ውሻ ጠዋት ከጓሮው አጠና ላይ ታስሮ ነበር፤ ቡናማ፣ ዝምተኛ፣ ልጆች የሚጋልቡት ውሻ። ገመዱ ተበጥሶ ተንጠልጥሏል። ውሻው ከደጃፉ ነበር። የፊት እግሮቹን አንዱን በአንዱ ላይ አጣምሮ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ በሩን ያያል። «ተኛ» ብዬ እንዳላዘው ቀድሞ ተኝቷል።

ሣህኑን እዚያው አስቀመጥኩ። ወደ ውስጥ ገብቼ መወርወሪያውን አስገባሁ። ሴቶቹ ገንፎውን ከበው ይስቁ ነበር። አዮ ብቻ ኮቴዬን ሰምተው ቀና አሉ።

«እንግዴ ልጁን» አልኩ፣ «የት ነው የቀበራችሁት?»